ለኤንክሌክስ (ለአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና) ለምትዘጋጁ ሁሉ፦ ሲስተርን ላመስግናት፣ ለእናንተም ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የነርስነት ላይሰንሴ በሜሪላንድ ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ ገጽ ላይ በስሜ ወጥቶ አየሁት። እግዚአብሔር ይመስገን! ቤተሰቤንና ጓደኞቼን ደውዬ አመስግኛለሁ። ይህን ግን የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለን ተማሪዎች «ሲስተር» እያልን ነው የምንጠራት። ስሟ በአደባባይ እንዲነሳ ስለማትፈልግ እኔም አላነሳውም። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የምትሠራ፣ በእረፍት ቀኗ ደግሞ አዲስ ተመራቂዎችን ለፈተናው የምታዘጋጅ የአገራችን ልጅ ናት።

እኔ ሌሊት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እየሠራሁ፣ ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ እየተማርኩ ነው የጨረስኩት። ይህን ኑሮ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተመርቄ ለኤንክሌክስ ጥያቄ መሥራት ስጀምር ያስቸገረኝ የትምህርቱ ይዘት አልነበረም። በደም ውስጥ ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5.0፣ ሊቲየም ከ0.6 እስከ 1.2፣ ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠት በፊት የልብ ምት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር፤ ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። አገር ቤት ሸምድደን ያደግን ልጆች ነን፣ መሸምደድ አያቅተንም። ፈተናው ግን አራቱም ትክክል የሚመስሉ ምርጫዎችን ይደረድርና «መጀመሪያ የቱን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ሲስተር የደረሰችልኝ እዚህ ላይ ነው።

አስተማሪነቷ ምን እንደሚመስል በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። ሁልጊዜ ምርጫዎቹን ሸፍና ጥያቄውን ብቻ ታሳየናለች። ደም ከተሰቀለለት ሩብ ሰዓት እንኳን ያልሞላው ሰው ነው፤ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ወገቤን አመመኝ ይላል። ምርጫ ከማየታችን በፊት በአማርኛ ትጠይቀናለች፦ «ይሄ ሰውዬ በምን ሊሞትብሽ ይችላል?» ከመካከላችን አንዷ የደሙ ዓይነት አልተስማማው ይሆናል አለች። «ጎበዝ። ታዲያ አሁን ምን ታደርጊለታለሽ?» ልጅቷ «ለዶክተሩ እደውላለሁ» ስትል ሲስተር ድምጿን ሳትለውጥ «ዶክተሩ ስልኩን እስኪያነሳ ደሙ እየገባ ይቆይ?» አለቻት። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ራሳችን ተናገርነው፦ ደሙን ማቆም፣ ቱቦውን ቀይሮ በኖርማል ሳላይን መስመሩን መጠበቅ፣ በሽተኛውን ማየት፣ ከዚያ መደወል፣ ከረጢቱንና ቱቦውን ወደ ደም ባንክ መመለስ።

ያን ቀን የነገረችን ነገር እስከ ፈተናው ክፍል አብሮኝ ገባ። እኛ ሐኪም አክብረን ያደግን ስለሆንን «ለሐኪሙ አሳውቂ» የሚለው ምርጫ ቶሎ ደስ ይለናል። ፈተናው ግን አልጋው አጠገብ የቆመችው ነርስ አሁን በእጇ የምትሠራው ሥራ እንዳላት ነው የሚመዝነው። በሌላ በኩል ማየት ያለብሽን አይተሽ፣ መሥራት ያለብሽን ሠርተሽ ከጨረስሽ መልሱ መደወል ነው፤ «መደወል ሁልጊዜ ስህተት ነው» ብለው የሚያስተምሩ አሉና ተጠንቀቁ ትላለች። ይህን ልዩነት እንዲህ ለይቶ ያስረዳኝ ሌላ ሰው የለም።

ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የመጡትን አዲሶቹን ኬዝ ስተዲዎች (በአንድ በሽተኛ ታሪክ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች) በደንብ ትይዛቸዋለች። አንድ ኬዝ ስድስት ጥያቄ አለው፤ የነርስ ማስታወሻው፣ ቫይታል ሳይኑ (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት)፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ በየገጹ ተከፋፍሎ ይመጣል። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንብቦ ከመጨነቅ ይልቅ «ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ?» ብለን እንድንፈልግ አለማመደችን። ሰሌክት ኦል (ትክክለኞቹን ሁሉ ምረጡ የሚለው ጥያቄ) ላይ ደግሞ አሁን ከፊል ነጥብ እንዳለ፣ ነገር ግን በብዙዎቹ ጥያቄዎች የተሳሳተ ምርጫ ካገኘነው ነጥብ ላይ እንደሚቀንስ አስረድታ፣ እርግጠኛ ያልሆንበትን በግምት መጫን አስተወችን።

ሌላው፣ ኮምፒውተሩ መቼ እንደሚያቆም ነው። ስለዚህ ጉዳይ በየቦታው የማይወራ ወሬ የለም። እሷ ቁጭ አድርጋ ነገረችን፦ ትንሹ 85፣ ትልቁ 150 ጥያቄ ነው፣ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆንሽን 95 በመቶ ሲያረጋግጥ ያቆማል። በ85 የወደቀም ያለፈም አለ። ከ85 ካለፈ ደግሞ ገና አልተወሰነም ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀጣዩን ጥያቄ እንደ መጀመሪያው አድርጊና ሥሪ። የእኔ 85ን አልፎ ሲቀጥል እጄ ቀዘቀዘ፤ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አንስቼ «ይሄ ሰውዬ በምን ሊሞትብሽ ይችላል?» አልኩ ለራሴ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሐበሻ ካልሆነ ማን ያስብልናል? የፈተና ቀን ከመቁረጣችን በፊት ሁላችንንም መታወቂያችንን አውጡ ብላ ፈተናውን በሚሰጠው ድርጅት በፒርሰን ቪው ከተመዘገብንበት ስም ጋር ፊደል በፊደል አስተያየችን። የእኛ ስም የአባትና የአያት ስለሆነ አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ይሆናል፣ ሌላው ላይ የአባት። ስሙ ካልገጠመ በሩ ላይ ይመልሱሻል፣ የከፈልሽውም ይቀራል። ከቡድናችን አንድ ወንድማችን የስሙ ቅደም ተከተል የተለያየ ሆኖ ተገኘና ከፈተናው በፊት አስተካከለ።

ወድቆ ለሚደግምም ትሆናለች። አብራን ያጠናች እህት፣ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፣ አንዴ ወድቃ ነበር የመጣችው። ሲስተር የውጤት ሪፖርቷን አስወጥታ የትኛው ክፍል ከመስመሩ በታች፣ የትኛው አጠገቡ እንደሆነ መስመር በመስመር አየችላት። 45ቱን የመጠበቂያ ቀናት ሁሉንም እንደገና በማንበብ እንዳትጨርሳቸው ከልክላ፣ በታችኞቹ ላይ ብቻ አሠራቻት። ዛሬ ነርስ ናት።

እውነቱን ልናገርና፣ ለሁሉም ሰው አትሆንም። ፋርማኮሎጂን ከሀ ጀምራ የምታስተምር አይደለችም፤ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣን ሰው በትህትና ትመልሰዋለች። አገር ቤት ተመርቃችሁ የመጣችሁ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ማስገምገሙን ለየስቴታችሁ ቦርድ ጠይቁ፣ የወረቀት ጉዳይ እሷ ጋ የለም። ክፍያዋ በክፍለ ጊዜ ነው። የፈተናው ምዝገባ ብቻውን 200 ዶላር እንደሆነ፣ የቦርዱ ደግሞ ለብቻ እንደሚከፈል ስለምታውቅ፣ ሥራ ያልጀመረ ተመራቂን ትታገሣለች። እኔንም ታግሣኛለች።

ሲስተርዬ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት ወጥተሽ ድካምሽን ሳታሳዪን ያስተማርሽን ሁሉ እግዚአብሔር ይክፈልሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቡድኑን ሆን ብላ ትንሽ ስለምታደርገው ቶሎ ይሞላል። ስትጽፉልኝ መቼ እንደተመረቃችሁ፣ የመፈተኛ ፈቃዳችሁ መጥቶ እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ጨምሩልኝ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው።