አንገቴን አይታ ግፊቴን ለለካችው አዋላጅ

ልጄን ክርስትና ሳላስነሳ ይህችን ምስጋና ልጻፍ ብዬ ነው፤ ድግሱ ከገባ ስልክ የምነካበት ጊዜ አይኖረኝም።

እንቅርት አለብኝ። እናቴም አያቴም ነበረባቸው። ሐኪም ያዘዘልኝን ታይሮክሲን የሚባል የሆርሞን መድኃኒት ሁለት ዓመት ስውጥ ቆይቼ፣ ማርገዜን ሳውቅ አንዲት ጎረቤት «ለጽንሱ አይሆንም» ብትለኝ ተውኩት። በሰባተኛው ወር ፊቴና እጄ ሲያብጥ ደግሞ ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ግፊቴን እንኳ ሳይለካ «የእርግዝና ነው» ብሎ ሸኘኝ።

ማራኪ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ናት ወደዚች አዋላጅ የላከችኝ። ገና ሳልቀመጥ «እህቴ፣ ነጠላሽን ከአንገትሽ ገለጥ አርጊልኝ» አለች። ዳሰሰችውና ስለ መድኃኒቱ ጠየቀችኝ። ማቋረጤን ስነግራት አልተቆጣችም፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአእምሮው የእናቱን ሆርሞን እንደሚጠብቅ፣ ሆርሞኑ ያነሰባት ነፍሰ ጡርም ለግፊት ይበልጥ እንደምትጋለጥ በእርጋታ አስረዳችኝ።

አለካኳ እስካሁን ይገርመኛል። ዳገቱን ወጥቼ እያለከለክሁ ስለነበር አሥር ደቂቃ አስቀመጠችኝ። ሹራቤን አስወልቃ፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ «አሁን አታውሪ» አለችኝ። 150 በ95። ጠብቃ ደገመችው፤ ያው ነው። ለነፍሰ ጡር 140 በ90 ከደረሰ ዝም አይባልም አለች። ሽንቴ ሲመረመር ፕሮቲን ወጣበት፤ በዚያው ቀን ሪፈር ጽፋ፣ ሆስፒታል ደውላ ላከችኝ።

እዚያ የግፊት መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ ታይሮክሲኑም በደም ምርመራ ተስተካክሎ ተመለሰ። እሷ ደግሞ ካርዴ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ፦ 12 ሰዓት ታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ 1 ሰዓት ቡና፣ 5 ሰዓት አይረን (የብረት እንክብል)። አይረኑ አብሮ ከተዋጠ ታይሮክሲኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ቡናውን ሳትከለክለኝ ሰዓት መስጠቷን ግን ወደድኩላት።

በ37 ሳምንቴ በሰላም ተገላገልኩ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባይ ሞልቶ፣ ገንፎው እየተገነፋ፣ ስልኬ ጮኸ፤ አዋላጇ ናት። «ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽስ ብዥ ይላል?» ራሴን ያመኝ ነበር፤ የዕጣኑ ጭስ መስሎኝ። ሄጄ ብለካ 160 በ100! ለካ ግፊት ከወሊድ በኋላም ይነሳል። መድኃኒቱን ቀየሩልኝ።

ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ወረፋ አለ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ሻርፕ ጠምጥማችሁ አትሂዱ፣ መጀመሪያ የምታየው አንገት ነው።