ለባለቤቴ እጅ ለደረሰችለት የድሬዳዋ ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ! «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላልሽኝ ስምሽን አልጽፍም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

ባለቤቴ እዚሁ ድሬ የጥርስ ሐኪም ነው። ቀኝ እጁ ሌሊት ሌሊት እየደነዘዘ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰው ጀመር። ተነስቶ እጁን ሲያራግፍ እሰማዋለሁ። ቆይቶ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን የቡና ስኒ ከእጁ ወደቀ። ሁለታችንም ዝም አልን። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ እጅ ነው።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ «ብርድ ነው» ተባልን፣ በዚህ በድሬ ሙቀት! ሌላው ጋ መርፌ በመርፌ አደረጉት። አንዱማ እጁን እንኳ ሳይነካው «ቀዶ ጥገና ነው» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ብሩስ ይሁን። ሰውን ሳይሰሙት ሲያሰናብቱት ግን ያንገበግባል።

ይህች ልጅ ጊዜ ወስዳ ጠየቀችው። የትኞቹ ጣቶች ናቸው? አውራ ጣት፣ ጠቋሚው፣ የመሃሉ፣ የቀለበት ጣትም ግማሹ። ትንሿ ጣት ደህና ናት። አንጓውን አሳጠፈችው፣ መታ መታ አደረገችው። «ካርፓል ተነል ነው የሚመስለው፤ አንጓዎ ላይ ነርቩ ተጨንቋል» አለች። የቀረውን ማብራሪያ እሱ ይወቀው፣ እኔ አልያዝኩትም።

የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። «ዶክተር፣ ሲሠሩ ማየት አለብኝ» ብላ ከሥራ ሰዓቷ ውጪ ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የጥርስ እጥበት ሲሠራ እጁን ብቻ ታያለች። አንጓውን አጥፎ፣ ቀጭኗን መሣሪያ በጣቶቹ ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። ታካሚው ሲወርድ ወንበሩን ራሷ ከፍ ዝቅ እያደረገች ለክርኑ የሚመቸውን ከፍታ አሳየችው። እጀታው ወፈር ያለ መሣሪያ ያዝ፣ የሚያጣብቅ ጓንት ተው፣ እጥበት በእጥበት ላይ አትቅጠር፣ ማታ አንጓህን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ አስረህ ተኛ፤ ምክሯ በአጭሩ ይኸው ነበር። የዚያን ምሽት ሒሳብ አልቀበልም አለች። ለመንናት፣ እምቢ!

እውነቱንም አልደበቀችም። «ካልተሻለዎት፣ ወይም የአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ጡንቻ መሟሸሽ ከጀመረ፣ ራሴ ወደ ቀዶ ሐኪም እልክዎታለሁ» አለችው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ስንት አለ?

ሙሉ በሙሉ ለቀቀው አልልም። ግን ሌሊቱን ይተኛል፣ ቁልፉንም ራሱ ይቆልፋል። ተመስገን!

አቦ ድሬዎች፣ እጃችሁ ሲደነዝዝ ችላ አትበሉ። የጥርስ ሐኪሞች፣ ሹሩባ ሠሪዎች፣ ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ያላችሁ ልብስ ሰፊዎች፣ እባካችሁ ሂዱ! በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ፤ ፈቅዳልኛለች። የምትሠሩበትን መሣሪያም ይዛችሁ ሂዱ፣ አያያዛችሁን ማየት ትፈልጋለች።