እናቴን ያነጋገሩ ሐኪም፦ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ያየሁት የሙያ ሥነ ምግባር

ስለ ጥርስ ክሊኒክ አስተያየት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ዋጋው፣ ወረፋውና ሕመሙ ነው። እኔ እናቴን ሁለት ጊዜ ይዤ የሄድኩበትን፣ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት አካባቢ የሚገኘውን አነስተኛ ክሊኒክ የምመዝነው ግን በሙያ ሥነ ምግባሩ ነው። ስሙን ያልጠቀስኩት ከምስጋናዬ ጋር የማነሳው ቅሬታም ስላለኝ ነው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ከዚህ ቀደም በወሰድኳት ሌላ ክሊኒክ ሐኪሙ ራጅ ሳያስነሳ፣ በመስታወት ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ካየ በኋላ፣ አራት የታች ጥርሶቿ በአንድ ጊዜ ተነቅለው በሰው ሠራሽ ጥርስ መተካት እንዳለባቸው ነገረኝ። የነገረው ለእኔ ነው፤ ለእሷ አይደለም። እሷ አፏን እንደከፈተች ወንበሩ ላይ ተጋድማ ሳለ፣ እኛ ከራሷ በላይ ሆነን ስለ ዋጋውና ስለ ቀብዱ እንነጋገር ነበር። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ቀስ ብላ «ስንቱን ነው የሚነቅለው አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔም የጥፋቱ ተካፋይ እንደነበርኩ ገባኝ።

በአዲሱ ክሊኒክ ያገኘናቸው ሐኪም በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መቀመጫቸውን ስበው ከእናቴ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት በሚያስችል ከፍታ መቀመጥ ነበር። «እማማ፣ የትኛው ነው የሚያስቸግርዎት?» ብለው ጠየቋት። እኔ ቀድሜ ልመልስ ስል በትሕትና እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ራጁ ከተነሳ በኋላ ምስሉን ወደ እሷ አዙረው፣ በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከቱ፣ በግራ በኩል ያለው አንድ መንጋጋ አጥንቱ ከሥሩ ተበልቶ ስላለቀ መዳን እንደማይችል፣ ሌሎቹ ሦስቱ ግን የድድ ሕመም ቢኖርባቸውም በእጥበትና በክትትል ሊቆዩ እንደሚችሉ አስረዷት። ስኳሯ ካልተስተካከለ ድዷ እንደማይድን፣ ድዷ ሲቆጣም ስኳሯን መቆጣጠር እንደሚከብድ ጨምረው ነገሯት። መንጋጋውን ባታስነቅለው ምን ሊከተል እንደሚችልም አልደበቁም።

እናቴ የመለሰችው ወላጆቻችን ሁሉ ሐኪም ፊት የሚሉትን ነው፦ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አንቺ ያልሽውን አድርጊ።»

ሐኪሟ ይህን እንደ ፈቃድ አልቆጠሩትም። «እማማ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርዎት እንጂ ጥርሱ የእርስዎ ነው። ያልገባዎት ካለ ደግሜ እነግርዎታለሁ» አሏትና በእርግጥም ደግመው ነገሯት። እኔ የዚህን ክሊኒክ ዋጋ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ምን እንደሚደረግለት ያልተነገረው ሰው እምቢ የሚለው ምኑን ነው? «ያልሽውን አድርጊ» የሚል ታካሚ ራሱን ሙሉ በሙሉ ለሐኪሙ አሳልፎ ሰጥቷል፤ አንድ ጥርስም ቢነቀል አራት፣ አይጠይቅም። ሥነ ምግባር ከማንም ይልቅ ለእንዲህ ያለው ታካሚ እንደሚያስፈልግ ያመንኩት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

በዚያ ቀን ጥርሱ አልተነቀለም። ከመርፌው በፊት ደም ግፊቷ ሲለካ 182 በ112 ሆነ፤ ሩብ ሰዓት ካረፈች በኋላ ተደግሞ ሲለካም ብዙ አልወረደም። ሐኪሟ፣ ድንገተኛ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና በዚህ የግፊት መጠን መሠራት እንደሌለበት አስረድተው፣ ለግፊት ሐኪሟ ደብዳቤ ጽፈውላት በቀጠሮ መለሱን። የከፈልነው የካርድና የራጅ ብቻ ነው። ነቅለው ገንዘቡን መቀበል ይችሉ ነበር፤ እኛም ልዩነቱን አናውቅም ነበር።

ስለ ቀድሞው ሐኪም ስጠይቃቸው አላሙትም። እሱ ያየውን እሳቸው በዚያ ቀን እንዳላዩ፣ ነገር ግን ራጁ የእኛ ስለሆነ ይዘን ሄደን ማብራሪያ መጠየቅ እንደምንችል፣ በቂ መልስ ካጣን ደግሞ ለጤና ተቆጣጣሪው አካል ቅሬታ ማቅረብ መብታችን እንደሆነ ነገሩን። የሙያ ባልደረባን ማክበር ብዙ ጊዜ ጥፋትን ለመሸፋፈን ሲውል አይቻለሁ፤ እሳቸው ግን ባልደረባቸውንም አላዋረዱ፣ እኛንም መንገድ አላሳጡን።

ቅሬታዬ በእንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ካርድ የምታወጣው ወጣት ሠራተኛ ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቷ ሆና ጮክ ብላ፣ እናቴን ስኳር እንዳለባት፣ የጉበት ሕመም ኖሮባት እንደሆነ፣ ኤችአይቪ ተመርምራ እንደሆነ ጠየቀቻት። ጥያቄዎቹ ለጥርስ ሕክምና ተገቢ ናቸው፤ ቦታው ግን አይደለም። እናቴ ለመጨረሻው ጥያቄ አንገቷን ደፍታ በዝምታ አለፈችው፤ አጠገባችን የነበረ ሰውም ዞር ብሎ አያት። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 399 በሙያ የታወቀ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል፤ እዚህ የሆነው ግን ምስጢሩ ገና ለሐኪሙ ሳይደርስ በታካሚዋ በራሷ አፍ በአደባባይ እንዲወጣ መጠየቁ ነው። ሐኪሞቹ ውስጥ የሚጠብቁት ክብር በራቸው ላይ መውደቁ አሳዝኖኛል። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያቸው ተቀብለውኛል፤ በሁለተኛው ጉብኝታችንም ጥያቄዎቹ በወረቀት ሆነው በእጃችን ተሰጡን።

ንጽሕናው የሚያስመሰግን ነው፤ መሣሪያዎቹ የታሸጉበት ከረጢት የሚከፈተው ታካሚው እያየ ነው። ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ስለሌለው አረጋዊ ይዞ ለሚሄድ ሰው ያስቸግራል። የሥራው ዝርዝርና ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጣል፤ ከተጻፈው በላይም አልተጠየቅንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግፊቷ 138 በ84 ሆኖ ተመለስን። የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ ነበር፤ ይህ መታረም አለበት። ሐኪሟ ግን ቅጹን ይዘው ከእናቴ ጎን ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ነገሯት፤ የደም መፍሰስ ከሚለው ላይ ሲደርሱም ቆም ብለው ጥያቄዋን ጠበቁ። እናቴ ጥጡን ስንት ሰዓት ነክሳ እንደምትቆይ ጠየቀች። ከዚያ እኔ ልፈርምላት እጄን ስዘረጋ እስክሪብቶውን ራሷ ተቀበለች፤ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ ስሟን ጽፋ ፈረመች።