«ቅርሻት ያስቀራል» ስለሚባለው የሕፃናት ሰያፍ ትራስ

አዲስ አበባ ውስጥ በሕፃናት ዕቃ መሸጫዎችና በቴሌግራም ገበያዎች «ቅርሻት ያስቀራል» እየተባለ የሚሸጠው ሰያፍ ትራስ እኛ ቤት የገባው በአራስ ጥየቃ ስጦታነት ነው። በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ያለ ስፖንጅ ሲሆን፣ ሕፃኑ እንዳይንሸራተት መሃሉ ላይ የሚታሰር መደገፊያ አለው። ማሸጊያው ተዳፋቱ 15 ዲግሪ መሆኑን ይገልጻል። ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ ሽፋኑም በዚፕ ወልቆ ይታጠባል። ስፖንጁ ግን አንድ ጊዜ ወተት ከጠጣ የኮመጠጠው ጠረን በቀላሉ አይለቀውም፤ ለቅርሻት ተብሎ በተሠራ ዕቃ ላይ ይህ መታሰብ ነበረበት።

ሕፃናት የሚያቀረሹት በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው የጡንቻ ቀለበት ገና ስላልጠነከረ፣ ምግባቸው ፈሳሽ ስለሆነና አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ስለሚውሉ ነው። ቅርሻቱ በአራት ወር ገደማ ይበረታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ አብዛኞቹን ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይተዋቸዋል። በመሆኑም በአራተኛው ወር ትራሱን የገዛ ወላጅ በሰባተኛው ወር ለውጥ ቢያይ ምስጋናውን ለትራሱ መስጠቱ አይገርምም፤ ሻጮች የሚለጥፉት ሙገሳም አብዛኛው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ልጃችን ነቅታ ሳለች አጠገቧ ሆነን ስናስተኛት ቀስ በቀስ ወደ ታች ተንሸራተተችና አገጯ ደረቷ ላይ ተደፋ። መደገፊያውን ስናጠብቀው ደግሞ ሆዷን ተጭኖ ይባስ አስቀረሻት። የአገጩ ነገር ቀላል አይደለም፤ የሕፃን የአየር ቧንቧ ቀጭን በመሆኑ አንገት ሲታጠፍ ሊዘጋ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ፊሸር ፕራይስ የተባለው የሕፃናት ዕቃ አምራች ሮክ ኤንድ ፕሌይ የተባለውን ሰያፍ መኝታ ከሕፃናት ሞት ጋር በተያያዘ በ2019 እ.ኤ.አ. ከገበያ የሰበሰበ ሲሆን፣ ብዛቱም 4.7 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ2022 የወጣው ሕግም ተዳፋታቸው ከ10 ዲግሪ የሚበልጥ የሕፃናት መኝታዎችን ከልክሏል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያም ለሚያቀረሽ ሕፃን ሲተኛ ራስጌውን ከፍ ማድረግን አይመክሩም። «በጀርባዋ ብትተኛ ትን ይላታል» የሚለው የእናቶቻችን ስጋት ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ በጀርባ ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን የተመለሰው ወተት ወደ ምግብ ቧንቧው ይወርዳል። ስለዚህ የምታቀረሽም ብትሆን በጀርባዋ፣ ትራስ በሌለበት፣ ጠንከርና ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ መተኛት አለባት።

የጠቀመን ዋጋ የማይጠየቅበት ነገር ነው፦ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ በመሃል ማስገሳት፣ ከጠባች በኋላም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጥ አድርጎ ማቀፍ። ጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ወፈር ያለ የዱቄት ወተት አለ፤ እርሱም ቢሆን በሐኪም ምክር እንጂ በሻጭ ጥቆማ አይጀመርም። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ከታየበት፣ ተፈናጥሮ የሚወጣ ከሆነ ወይም ልጁ ክብደት መጨመር ካቆመ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ለታለመለት ዓላማ ከአምስት አንድ ኮከብ እሰጠዋለሁ። አሁን ባለቤቴ ስታጠባ ክንዷን ታስደግፍበታለች፤ ለዚህ ሥራ አራት ኮከብ ይገባዋል።