«ካርቶኑ አለ?» ብሎ የጠየቀኝ ስልክ ጠጋኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ስልክ የሚያሠራ ሰው ካለ ይህችን ልብ ብሎ ያንብብልኝ። ከመነኸሪያው ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ጥገና ቤት አለች። ስም የላትም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሞባይል ጥገና» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት ያለው አጉሊ መነጽርና አንድ የደንበኛ ወንበር ነው ያለው። እኔ የሄድኩት ሌላ ሁለት ቦታ ተመላልሼ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የምትኖረው አማኑኤል ከተማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስማርት ስልክ ገዛሁላት። የሸጠልን ልጅ እዚያው ቆሞ ኢሜይል ከፈተልን፣ ቴሌግራም ጫነልን፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ኢሜይሉ ምን እንደሚባል እንኳን አልጠየቅኩም። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ኢሜይል ማለት ፕሌይ ስቶር እንዲከፈት ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ይመስለናል።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ በስልኩ ሲጫወት የመክፈቻውን ፓተርን ቀየረና ረሳው። ሰፈር ያለ አንድ ልጅ ደግሞ እኔ እከፍተዋለሁ ብሎ የድምፅና የማብሪያ ቁልፉን አንድ ላይ ይዞ ፎርማት አደረገው፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋው። ስልኩ ተነሣ። ግን መጀመሪያ የነበረውን የጉግል አካውንት፣ ማለትም ያንን ኢሜይልና የይለፍ ቃሉን፣ አስገቡ ብሎ ቀጥ አለ። የመጀመሪያው ጥገና ቤት «ቦርዱ ሄዷል» አለኝ። ሁለተኛው ምንም ሳይጠይቀኝ 1,500 ብር ክፈይና መቆለፊያውን እሰብረዋለሁ አለ። እኔን ያስጨነቀኝ ብሩ አልነበረም። አባቴ ያረፈው አምና ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያከበረው ጥምቀት ላይ ነጭ ጋቢውን ለብሶ የተነሣው ፎቶ እናቴ ስልክ ላይ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የዚህች ስም የሌላት ጥገና ቤት ልጅ ነው። ስልኩን ሲቀበለኝ መጀመሪያ ያደረገው ሲሙን አውጥቶ መዳፌ ላይ ማስቀመጥ ነው። «እታለም፣ ይሄን አንቺ ያዢው፤ የእማማ ቴሌብር ያለው እዚህ ላይ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ የስንቱ እናት ብር ሲም ላይ ነው ያለው። እኛ ግን ስልካችንን ከነሲሙ፣ አንዳንዴም ከነሚስጥር ቁጥሩ ሰጥተን ቡና ልንጠጣ እንሄዳለን። ያለፉት ሁለቱ ጋ ሲሙ ውስጡ ነበር፣ አንዱ ጋ እንዲያውም አድሯል።

ቀጥሎ «ካርቶኑ አለ?» አለኝ። ካርቶን ምን ያደርጋል ስለው በደንብ አስረዳኝ። ይሄ መቆለፊያ የተሠራው ለሌባ ነው። አንድሮይድ ስልክ በቁልፎቹ በኩል ፎርማት ሲደረግ፣ የሰረቀው ሰው አጥፍቶ እንዳይሸጠው የባለቤቱን አካውንት ይጠይቃል። ስለዚህ እሱ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሳያይ እንዲህ ያለ ስልክ አይነካም። በአስቸኳይ ጥሪው በኩል *#06# ነካና 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ወጣ። «ይሄ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አለ፤ አምጪልኝ» አለ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ተናድጄ ነበር። ለካርቶን ብዬ አማኑኤል ደርሼ ልመለስ? ግን ሄድኩ። እናቴ ካርቶኑን አልጣለችውም፤ የጎመን ዘር አስቀምጣበታለች። ዘሩን ወደ ጨርቅ ስንገለብጥ የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየን። ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ! የሸጠልን ልጅ ያኔውኑ ጽፎልን ነበር፣ እኛ ነን ክዳኑን ገልብጠን ያላየነው። እናቴ እልል አለች።

በማግስቱ ቁጥሩን አመሳከረ፣ አካውንቱን አስገባ፣ ስልኩ ተከፈተ። ጉግል ፎቶስን ከፍቶ ወንበሯን ወደ እኔ ገፋ አደረጋትና «ቆይ፣ ይጭናል» አለ። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ግራጫ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ብዥ ያለ ቀለም፣ ከዚያ የአባቴ ጋቢ። ስልኩ ላይ የነበረው በፎርማቱ ጠፍቷል። እናቴ እኔ ቤት ስትመጣ ግን ስልኩ ዋይፋይ እያገኘ ሳናውቀው አካውንቱ ላይ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ የእናቴ ፎቶ ግማሹንም አልሞላም።

እዚህ ላይ ሥራው አልቆ ነበር፣ ሌላ ሰው ቢሆን ሂሳቡን ተቀብሎ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ግን አካውንቱ ላይ የይለፍ ቃል ሲረሳ ለመልሶ ማግኛ የገባው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ አሳየኝ። የሻጩ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴ ፎቶና አድራሻ በማናውቀው ሰው ቁጥር ሊከፈት ይችል ነበር። ያንን አውጥቶ የእኔን አስገባን። የይለፍ ቃሉን ስቀይር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ «ቤት ስትደርሺ ደብተር ላይ ጻፊው፣ ስልኩ ላይ አይደለም» አለኝ። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀኝ፦ የይለፍ ቃል በተቀየረ በ24 ሰዓት ውስጥ ስልኩን ፎርማት እንዳላደርገው፣ እንደገና ሊቆልፍብኝ ስለሚችል።

ቻርጅ አልይዝ እያለ ያስቸግራት የነበረውንም ነገርኩት። ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን እንጨት የቻርጀር መሰኪያውን ቀስ እያለ ጠረገው። የወጣው ጥጥ የምስር ፍሬ ያክላል። ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ነው የምትይዘው፣ ብናኙ እየተጠቀጠቀ ገመዱ እስከ ውስጥ አልገባ ብሎ ነው። ሌላ ቦታ «ሶኬቱ ይቀየር» ተብዬ ነበር። ለዚህ ምንም አላስከፈለኝም፤ ለሁሉም 200 ብር ነው የተቀበለኝ።

ጉድለት የለውም አልልም። ደረሰኝ አይሰጥም፤ ይሄ መስተካከል አለበት። ወረፋ አለ፣ ከአንዷ ወንበር ሌላ የሚቀመጡበት የለም። ስክሪን የሚቀይር ሰው ኦሪጅናል አያገኝም፣ እሱ ራሱ «ይሄ ኮፒ ነው፣ ፀሐይ ላይ አይታይም» ብሎ ቀድሞ ይናገራል። ቀጠሮም ያሳልፋል። ለጠዋት ያለኝ ከሰዓት በኋላ ነው ያለቀው።

የምትሄዱ ከሆነ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ክዳኑንም ገልብጣችሁ እዩት። ካርቶኑ ከጠፋ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ያዙ፣ እሱንም ይቀበላል። በገበያ ቀን ግን አትሂዱ፤ ከየገጠሩ የመጣው ሰው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ልጁን ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ እንኳን አይሰጠውም።