«አውርድ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገን፣ ኡቡንቱም ይሁን ሚንት፣ ፌዶራም ይሁን ዴቢያን፣ ማለትም ከሊኑክስ ሲስተም ዓይነቶች አንዱን የምትጠቀሙ፣ ሙዚቃም በሕጋዊ መንገድ ገዝታችሁ የራሳችሁ ማድረግ የምትፈልጉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዛሬ ጠዋት 13 ዩሮ ከ99 ሳንቲም የከፈልኩበት አልበም 3 ኪሎባይት ሆኖ መጣልኝ። 12 ዘፈን፣ ሦስት ኪሎባይት! ገንዘቡም አይመለስም ተብያለሁ።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። የአልበሙ ሽፋን በትልቁ ተለጥፏል፣ ከጎኑ «ፍላክ» (ጥራቱ ሳይቀነስ የተጨመቀ ድምፅ) እና «ኤምፒ3» (ጥራቱ ተቀንሶ ያነሰ) የሚሉ ሁለት የፋይል ዓይነት ምልክቶች አሉ፣ ከሥር ደግሞ «ግዛ» የሚል ቁልፍ። የ30 ሰከንዱ ናሙና ፋየርፎክስ ላይ ያለ ችግር ይጫወታል። ካርዱም ያለ ችግር ያልፋል። እስከዚያ ድረስ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ላይ እንዳለህ የሚጠይቅህ የለም።

ክፍያው እንዳለፈ የመጣው ገጽ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር፦ «አልበሙን አውርድ»። ተጫንኩት። ዓይኔን ሳላርገበግብ አለቀ። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ፤ ይህን ሂሳብ በቃሌ የማውቅ ሰው ነኝ። አልበሙ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። 320 ኪሎቢት ያለው ኤምፒ3 በሰከንድ 40 ኪሎባይት ይወስዳል፤ ደቂቃው 2.4 ሜጋባይት፣ አልበሙ 120 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይጨመቅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ፍላክ ያንን ወደ ግማሽ ወይም ከግማሽ ጥቂት ከፍ ወዳለ መጠን ስለሚያወርደው ከ250 እስከ 350 ሜጋባይት መጠበቅ ነበረብኝ። 3 ኪሎባይት የአንድ ሰከንድ ድምፅ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ይሆናል ብዬ ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት። ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ። እነዚያ ሦስት ጠቅታዎች በኋላ እኔው ላይ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ።

ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ስከፍተው የተመሰጠረ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ሙዚቃ የለበትም፤ ትኬት ነው። ሥራው ለሱቁ አውራጅ ፕሮግራም «ይህ ሰው ለእነዚህ ዘፈኖች ከፍሏል፣ አምጣለት» ብሎ መንገር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ያለው ደግሞ ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ። ይህ ነገር በአልበሙ ገጽም፣ በቅርጫቱም፣ በክፍያው ገጽም ላይ አንድ ቃል አልተጻፈም። እርዳታ የሚለው ገጽ ውስጥ አራተኛ ንኡስ ርዕስ ሥር ግን አለ።

የትኬት አሠራር በራሱ ክፉ አይደለም። የአማዞን የኤምፒ3 ሱቅ በ2008 አካባቢ አልበም ሲሸጥ «ኤኤምዜድ» የሚባል ትኬት ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ለኡቡንቱ፣ ለዴቢያን፣ ለፌዶራና ለኦፕንሱዜ የሚሆን አውራጅም አብሮ አቅርቦ ነበር። ስለዚህ «ሊኑክስ ላይ አይቻልም» የሚላችሁን አትመኑ። የሚጎድለው ፈቃደኝነቱ ነው።

የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን ሞከርኩት። ፕሮግራሙ ይጫናል፣ ይከፈታልም፤ የመግቢያ መስኮቱ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። መግቢያው የሚታየው ፕሮግራሙ ውስጥ በተከተተ ብሮውዘር ነው፤ ያ ብሮውዘር ደግሞ የሚደገፈው ዊንዶውስ ውስጥ ባለ ክፍል ነው። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ዊንዶውስ ጭኖ ማውረድ ይቻል ይሆናል፣ ግን ለ12 ዘፈን ብዬ የዊንዶውስ ፈቃድ ልግዛ? የስልኩ አፕም መፍትሔ አይደለም። እዚያ «ወርዷል» የሚለው ምልክት የሚነግራችሁ ዘፈኑ አፑ ብቻ በሚከፍተው ማኅደር ውስጥ ተመስጥሮ መቀመጡን ነው። ወደ ኮምፒውተር ብትገለብጡት የትኛውም ማጫወቻ አያነበውም፤ አፑን ስታጠፉ አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ቻት ገባሁ። የፋይሉን መጠን፣ የሲስተሜን ስምና የገዛሁበትን ሰዓት ጽፌ ላክሁ። የመጣው መልስ፦ «አብዛኞቹ ደንበኞቻችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠቀሙም። የጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩ።» ገንዘቤ ይመለስ ስል ደግሞ፦ «መዝገባችን ላይ ሦስት ጊዜ እንዳወረዱ ይታያል። ማውረድ ከተጀመረ በኋላ ተመላሽ የለም።» ሦስት ጊዜ አወረድክ የተባልኩት ያንኑ ትኬት ነው። አንድም ኖታ ድምፅ ሳይደርሰኝ ዕቃውን እንደተረከብኩ ተቆጠረ። ይህን የጻፈው ሰው ትኬትና ዘፈን አንድ እንደሆኑ አድርጎ ነው ያናገረኝ።

ጥፋቱ ደግሞ ከእኔ በኩልም አለ፣ አልክድም። ክፍያው ገጽ ላይ አንድ ትንሽ ሣጥን ነበረች፦ ይዘቱ ወዲያው እንዲቀርብልኝ እስማማለሁ፣ የ14 ቀን የመሰረዝ መብቴ እንደሚቀር አውቃለሁ የምትል። ሳላነብ ምልክት አደረግሁባት። በአውሮፓ ኅብረት 2011/83 በተባለው የሸማቾች መመሪያ መሠረት በኢንተርኔት የተገዛ ነገር በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ ለሚወርድ ዲጂታል ይዘት ግን ገዢው አስቀድሞ በግልጽ ተስማምቶ፣ መብቱ እንደሚቀር አውቆ፣ አቅርቦቱ ከጀመረ መብቱ ይቀራል። ሣጥኗ ለዚህ ነው ያለችው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው «ሁኔታዎቹን አንብቡ» ስል ኖሬ እኔ ራሴ አላነበብኩም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

እኛ የማናውቀው መስሏቸው ሻጮቹ የሚተማመኑበት ነገር ግን አለ። ያው መመሪያ ሻጩ ዲጂታል ይዘቱ ከየትኛው ሃርድዌርና ሶፍትዌር ጋር እንደሚሠራ፣ የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን ያህል፣ ከግዢው በፊት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። እርዳታ ገጽ ውስጥ መደበቅ ማሳወቅ አይደለም። ካሊፎርኒያ ላላችሁ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፦ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» የሚለውን ቃል መጠቀም አይቻልም፤ ገዢው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚይዘው ፋይል ከሆነ ግን ሕጉ አይመለከተውም። ልዩነቱ የተሰመረው በትክክል እዚህ ላይ ነው።

ለምን ለአንድ ፋይል ይህን ያህል ትቆጣለህ የሚል ካለ ወደ ኋላ ይመልከት። ማይክሮሶፍት ኤምኤስኤን ሚዩዚክ የተባለውን ሱቁን በ2006 ዘጋ፤ በ2008 ደግሞ የፈቃድ ቁልፍ የሚሰጠውን ሰርቨር ላጠፋው ነው አለ። ከፍለው የገዙ ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር ላይ ዘፈናቸውን መክፈት ሊያቅታቸው ሆነ፤ ጩኸት በረታና ቀኑ እስከ 2011 መጨረሻ ተራዘመ። ኡቡንቱ ውስጥ ከ2010 እስከ 2014 የነበረው የሙዚቃ ሱቅ ሲዘጋ ግን የሸጠው ቁልፍ የሌለበት ኤምፒ3 ስለነበር፣ ዲስኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው አንድ ዘፈን አልጠፋበትም።

ምክሬ አጭር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሱቁን የእርዳታ ገጽ ከፍታችሁ «አውራጅ» ወይም «ዳውንሎደር» የሚል ቃል ፈልጉ፤ ካለና ግዴታ ከሆነ ተዉት። አንዳንዱ ሱቅ አፑን ጫኑ ከሚለው ትልቅ ማስታወቂያ ሥር፣ በደብዛዛ ፊደል «አይ፣ ፋይሉን በቀጥታ ስጠኝ» የሚል መስመር አለው፤ እሱን ፈልጉ። መጀመሪያ አልበሙን ሳይሆን አንድ ዘፈን ብቻ ግዙ። ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ ሱቅ ምንም አፕ ሳያስፈልግ በብሮውዘር ይሠራል፤ ከከፈላችሁ በኋላ ፍላክ፣ ኤምፒ3፣ ኦግ ቮርቢስ ወይም ዌቭ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። አገር ቤት ላለ ሰው መግዛት ከፈለጋችሁም ስጦታ የሚል ምርጫ አለው፣ መልእክቱ ቀጥታ ወደ ተቀባዩ ኢሜይል ይሄዳል።

ፋይሉ በትክክል ሲመጣም ፈትሹት። «ፍላክ» የሚባለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከ«ቲ» ፊደል ጋር (flac -t) ስታስኬዱ ድምፁን ፈትቶ ውስጡ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያየዋል፤ ሲወርድ የተበላሸ ካለ እዚያ ይታወቃል። ከኤምፒ3 ተገልብጦ ፍላክ ነኝ የሚለውን ግን ይህ አይይዘውም። ለዚያ ስፔክ የሚባለውን፣ ድምፁ እስከ የትኛው ከፍተኛ ድግግሞሽ እንደሚደርስ በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ጫኑና ሥዕሉን እዩ፤ 16 ኪሎኸርትዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ ምንጩ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የድሮ ካሴት ቅጂዎቻችን ላይ ግን አትቸኩሉ፤ ካሴት ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ቀጭን ድምፅ በራሱ ያሳሳዋል፣ ሥዕሉ ላይ ቀስ እያለ ይደበዝዛል እንጂ ተቆርጦ አይቆምም። አልበሙ ታጭቆ የመጣበትን የዚፕ ፋይል ስትፈቱ የአማርኛ ርዕሶች ወደ ጥያቄ ምልክት ከተቀየሩ ዘፈኑ አልተበላሸም፤ ኡናር በሚባለው ፕሮግራም ሞክሩት።

እንደ እኔ ከተያዛችሁ ደግሞ ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ከሻጩ ጋር ስትጻጻፉ ከቻት ይልቅ ኢሜይል ይሁን፣ ከዚያ ለካርድ ባንካችሁ አመልክቱ፤ አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው የሂሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። እኔ ለሱቁም ለባንኩም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጽፌያለሁ፣ ያያያዝኩትም የአልበሙን ገጽ፣ የክፍያውን ገጽና የፋይሉን መጠን የሚያሳይ ስክሪንሹት ነው። ያቺን 3 ኪሎባይት ፋይል በንዴት ልሰርዛት ነበር፤ እናንተ እንዳትሰርዙ፣ ምን እንደተሰጣችሁ የምታሳየው ማስረጃ እሷ ናት።