ሬድ ላየን፦ በድንጋዮች መሀል የቆመ የሳር ቤት

እንግሊዝ አገር ወደምትገኘው ኤቭበሪ መንደር የሄድሁት ከ4,000 ዓመት በላይ የቆዩትን የድንጋይ ክበቦች ለማየት ነበር። ከስዊንደን ከተማ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ያወረደኝ ግን ሬድ ላየን ከሚባለው መጠጥ ቤት አጠገብ ስለሆነ፣ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በሳር ክዳኑ ላይ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎጃም ውስጥ ለአካባቢው ሁሉ ቤት ይከድን ነበር። የሳር ቤት አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ክዳኑ ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ከነጩ ግድግዳና ከጥቁሮቹ እንጨቶች አልፎ ወጥቶ፣ ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል። እንግሊዞች የሳር ጣሪያን ቁልቁለት 50 ዲግሪ ገደማ ያደርጉታል፤ ከዚያ ከለዘበ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አባቴ ዲግሪ የሚባል ነገር አያውቅም፤ «ዝናብ አይቀመጥበት» ነበር የሚለው። እኛ በልጥ የምናስረውን እነርሱ ሀዘል ከሚባል ዛፍ በተሰነጠቀ፣ መሀሉ ተጠምዝዞ ለሁለት በሚታጠፍ ቀጭን እንጨት ይወጉታል። የጣሪያው አናት በየ10 እና 15 ዓመቱ ይታደሳል።

ቤቱ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ የገበሬ ቤት ነው፤ የመንገደኛ ማረፊያ የሆነው በ1802 እ.ኤ.አ. ነው። ውስጡን ስትገቡ የውሃ ጉድጓዱን ፈልጉ። ጥልቀቱ 26 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አፉ በመስታወት ተከድኖ ጠረጴዛ ሆኗል። ብርጭቆዬን አስቀምጬ በመስታወቱ አሻግሬ ቁልቁል ሳይ ቆየሁ። እናቴ ለአንድ እንስራ ውሃ ስንት ቁልቁለት ትወርድ እንደነበር አውቃለሁና፣ ጉድጓድን ከቤት ውስጥ ያስገባ ሰው ትልቅ ነገር እንደሠራ ይሰማኛል።

የበላሁት የተጠበሰ ዓሣና ድንች ነው፤ ትኩስ ነበር፣ ወድጄዋለሁ።

ቀን ከሆነ ውጭ ተቀመጡ። ዋናው መንገድ በአጠገቡ ስለሚያልፍ የመኪናው ድምፅ አለ፤ ሆኖም ከወንበራችሁ ሳትነሱ ድንጋዮቹን ታያላችሁ። ከዚያ በመንደሩ ዙሩና የቤቶቹን ግድግዳ ልብ በሉ። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የመንደሩ ሰዎች ትልልቆቹን ድንጋዮች በእሳት አግለው፣ ውሃ እያፈሰሱ በመሰንጠቅ ቤት ሠርተውባቸዋል። ቢያሳዝነኝም ግድግዳዎቹን ዳስሻቸዋለሁ፤ ውብ ናቸው።

የክዳኑን ጠርዝ በቅርብ ፎቶግራፍ አንስቼ ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። «ይህን ያህል አስተካክለው የቆረጡት በምንድን ነው?» ብሎ ወዲያው ጻፈልኝ። በረጅም ቢላዋ መሆኑን ነገርሁት፤ የቢላዋውንም ፎቶግራፍ ላክልኝ አለ።